ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሄሞግሎቢኑን እዩ፦ ስለ ሬናል ሜዱላሪ ካርሲኖማ ግልጽ ደብዳቤ

ለድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች፣ ለሽንት አካላት ቀዶ ሐኪሞች፣ ለራዲዮሎጂና ለፓቶሎጂ ክፍሎች፣ ለካንሰር ሐኪሞች፣ እንዲሁም የምርመራ መጠየቂያ ቅጽ ለሚያዘጋጁ የሆስፒታል አስተዳደሮች

ጉዳዩ፦ የሲክል ሴል ተሸካሚ በሆኑ ወጣቶች ላይ የሚከሰተውን የኩላሊት ካንሰር በጊዜ ስለመለየትና በትክክለኛው ቅደም ተከተል ስለማከም

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህ ደብዳቤ ስለ አንድ እምብዛም የማይገኝ የኩላሊት ካንሰር ነው፤ ስሙ ሬናል ሜዱላሪ ካርሲኖማ። ከኩላሊት ካንሰሮች ሁሉ ድርሻው ከ0.5 በመቶ በታች ስለሆነ ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ ቢያየው ነው፤ ጭራሽ ሳያየው ጡረታ የሚወጣም አለ። ለእንዲህ ያለ በሽታ ግልጽ ደብዳቤ መጻፍ ማጋነን ይመስል ይሆናል። ያስጻፈን ግን የሕሙማኑ ቁጥር አይደለም። በሽታውን ለመጠርጠር የሚያስፈልጉት ሦስት መረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተበታትነው ስለሚቀሩ ነው። የታካሚው ዕድሜ ካርድ ክፍል ተመዝግቧል። ደም መሽናቱን ተረኛው ሐኪም ጽፎታል። የሲክል ሴል ተሸካሚነቱን እናቱ ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም። ሦስቱ አንድ ወረቀት ላይ እስኪገናኙ ካንሰሩ ከኩላሊት ወጥቶ ሊምፍ ኖድ፣ ሳንባና አጥንት ይደርሳል።

በሽታው ራሱን የቻለ ካንሰር ተብሎ የተገለጸው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከሲክል ሴል ጋር የሚያያዙ ስድስት የኩላሊት ችግሮች ቀድሞ ይታወቁ ስለነበር ይህ ሰባተኛው ተባለ። በአብዛኛው የሚይዘው የሲክል ሴል በሽተኛውን ሳይሆን ተሸካሚውን ነው፤ ማለትም ኤስ የተባለውን ሄሞግሎቢን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰውን፣ ደም ማነስ የሌለበትን፣ ሮጦ የማይደክመውን፣ ሁሉም ጤነኛ የሚለውን ሰው። ኤስሲ ሄሞግሎቢን ባላቸው (ከአንዱ ወላጅ ኤስ፣ ከሌላው ሲ በወረሱ) ሰዎችና አልፎ አልፎም በሲክል ሴል በሽተኞች ላይ ይታያል።

ለምን ኩላሊት ውስጥ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከኩላሊቱ አሠራር ይጀምራል። ሽንት የሚወፍረው ሜዱላ በሚባለው ውስጠኛ ክፍል ነው። እዚያ ኦክስጅን ትንሽ ነው፣ ጨው ብዙ ነው፣ አሲዱም ከፍ ያለ ነው። የተሸካሚ ሰው ቀይ የደም ሴል ሌላው ሰውነት ውስጥ ቅርጹን ጠብቆ ሲዘዋወር ይኖርና ሜዱላ ሲደርስ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ቀጫጭኖቹን ሥሮችም ይዘጋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ኦክስጅን ያጣው ሕዋስ ዘረመሉ ይጎዳል፤ በመጨረሻም በክሮሞዞም 22 ላይ ያለው ስማርክቢ-1 የተባለው ጂን ከሥራ ውጪ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ይህ ጂን የሚያመርተው ፕሮቲን አይኤንአይ-1 ይባላል። ስሙን ያዙልን፤ የምርመራው ቁልፍ እሱ ነው።

የሕሙማኑ መልክ በጣም ተመሳሳይ ነው። ዕድሜያቸው አብዛኛውን ጊዜ በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ወንዶች ከሴቶች በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ከ10 ሰው በ7ቱ ገደማ የተያዘው የቀኝ ኩላሊት ነው። በ52 ሕሙማን ላይ በተደረገ አንድ ጥናት 49ኙ ሲደረስባቸው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜያቸውም 13 ወር ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥንቃቄ እንድታነቡልን እንለምናለን፤ ሰው ያለ ምክንያት እንዲደነግጥ አንፈልግም። በዓለም ላይ ወደ 300 ሚሊዮን የሚጠጋ የሲክል ሴል ተሸካሚ አለ ተብሎ ይገመታል። ከተሸካሚዎች ይህ ካንሰር የሚይዘው ከ20,000 እስከ 39,000 ሰው ውስጥ አንዱን እንደሆነ ተገምቷል። ስለዚህ ተሸካሚ የሆነን ሁሉ ሲቲ ስካን ማስነሳት ትርፉ ጨረርና ጭንቀት ነው። የምንጠይቀው ምልክት ያሳየውን ሰው ብቻ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? በዓይን የሚታይ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የጎን ወይም የወገብ ሕመም፣ የክብደት መቀነስ። አንዳንዱ የሚመጣው በአንገቱ ሥር በወጣ ንፍፊት ወይም በማይለቅ ሳል ነው፤ ኩላሊቱን ጨርሶ አያነሳም። መጀመሪያ ያገኘው ሐኪም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብሎ አንቲባዮቲክ ያዝለታል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ነው። ካልቸሩ (ባክቴሪያ ለማብቀል የሚደረገው የሽንት ምርመራ) ምንም አላበቀለም፣ ትኩሳት የለም፣ ሽንቱ ግን አሁንም ቀይ ነው፤ ታዲያ ሌላ ኪኒን ምን ይሠራል? ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ፣ ተሸካሚ የሆነ ወይም ተሸካሚ መሆን አለመሆኑ ያልታወቀ ሰው በዓይን የሚታይ ደም ሸንቶ ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነ በዚያው ሳምንት ሲቲ ስካን ይነሳ።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይረቅቃል፤ የሚጥለውም አዋቂውን ነው። ተሸካሚዎች ካንሰር ሳይኖራቸውም ደም ይሸናሉ፤ የሜዱላው ጫፍ ተጎድቶ ይደማል፣ ውሎ አድሮም በራሱ ይቆማል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም «ተሸካሚ ስለሆነ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ጉዳት የሌለው የተሸካሚዎች መድማት ከ10 ጊዜ በ8ቱ ገደማ ከግራ ኩላሊት ነው፤ ካንሰሩ ግን ወደ ቀኝ ያደላል። ከቀኝ የሚደማ ተሸካሚ ሲገጥማችሁ ጥርጣሬያችሁ ከፍ ይበል። ግራ ሆኖ መገኘቱ ግን ማንንም ነጻ አያወጣም። «ተሸካሚ ስለሆነ ነው» የሚለው ሐረግ ሊጻፍ የሚገባው ሲቲው ታይቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ተሸካሚነትን ስለማወቅ ጥቂት እንበል፤ እዚህም ብዙ ስህተት አለ። የተሸካሚ ሰው ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ጤናማ ነው፣ የደም ፊልሙም አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው። «ሄሞግሎቢኑ 15 ነው፣ ሲክል ሴል የለበትም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም። ፈጣኑ የሟሟት ምርመራ ኤስ መኖሩን ይናገራል እንጂ ተሸካሚውን ከበሽተኛው አይለይም፤ ሲ የተባለውን ሄሞግሎቢንም አያይም። የሚያስፈልገው የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ፣ ማለትም ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ ወይም ኤችፒኤልሲ ነው። በተሸካሚ ሰው የኤስ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 በመቶ ነው፤ አልፋ ታላሴሚያ አብሮ ካለ ከዚያም ይወርዳል። ናሙናው ደም ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድ፤ የተሰጠው ደም የራሱን ኤስ ያቀጥነዋል፣ ለጋሹ ተሸካሚ ከሆነም የሌለውን ኤስ ያሳያል። የቆዳን ቀለም ወይም የአያትን አገር አይቶ «ይህ ሰው አይመረመርም» ማለትም አያዋጣም፤ ኤስ ሄሞግሎቢን ከአፍሪካ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከዓረብ ምድር እስከ ሕንድ የተሰራጨ ነው።

ስለ ምስሉ ብዙ አንልም። አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም። ይህ ዕጢ ከመሃል ተነስቶ እንደ ሥር እየሰረሰረ የሚሄድ ስለሆነ የኩላሊቱን ቅርጽ አያበላሽም፤ ድንበር ያለው ድቡልቡል ነገር የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ሲቲ ላይ ከመሃል የተነሳ፣ ከጤናማው የኩላሊት ሥጋ ያነሰ ቀለም የሚወስድ፣ በኩላሊቱ ውስጥ ያሉትን የሽንት ከረጢቶች መውጫቸውን እያጠበበ የሚያስፋፋቸው ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ ያበጡ ሊምፍ ኖዶች አሉ። ይህ መልክ ከኩላሊት ኢንፌክሽንና ከመግል ጋር ይምታታል። ራዲዮሎጂስቱ «ሊሆን የሚችል ኢንፌክሽን» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ መጠየቂያው ላይ የተጻፈለት «የጎን ሕመም» ብቻ ነዋ። «የ24 ዓመት ተሸካሚ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ካልቸር ንጹሕ» ተብሎ ቢጻፍለት ያንኑ ምስል በሌላ ዓይን ያየዋል። ሲነሳም ደረት፣ ሆድና ዳሌ በአንድ ጊዜ፣ በኮንትራስት ይነሳ።

አሁን ወደ ናሙናው እንለፍ። ካንሰሩ ወይ የሚታወቀው ወይ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ናሙና የሚወሰደው በቀላሉ ከሚደረስበት ቦታ ነው። አንገት ሥር ንፍፊት ካለ ኩላሊቱን መውጋት አያስፈልግም። ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ከሆነም ፈሳሹ ተቀድቶ፣ ደለሉ በሰም ውስጥ ተይዞ ሴል ብሎክ ሆኖ ሊሠራበት ይችላል። ከኩላሊት የሚወሰድ ከሆነ በ18 ጌጅ ኮር መርፌ 3 ወይም 4 ቁራጭ ይውጣ። በሽንት ቱቦ በኩል በካሜራ ገብቶ የሚቆነጠር ናሙና ግን ያሳስበናል፤ ጥቃቅንና የላይ የላዩን ብቻ ስለሆነ «የሽንት ቱቦ ሽፋን ካንሰር» ተብሎ በቀላሉ ይነበባል። ከዚያ ወጣቱ ኩላሊቱንም ቱቦውንም ሙሉ በሙሉ የሚያስወግድ ኦፕራሲዮን ውስጥ ይገባል፤ በሽታው ግን ሌላ ነው።

ቁራጩ ወዲያውኑ 10 በመቶ በሆነ፣ አሲዱ በተመጣጠነ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ። ደረቅ ጋዝ ላይ ተቀምጦ እስከ ከሰዓት በኋላ ተላላኪ የጠበቀ ናሙና ቀለሙ ይዋሻል። ላቦራቶሪው ቁራጮቹን ሁሉ አንድ ብሎክ ውስጥ አያጭቃቸው፤ ለሁለት ይክፈላቸው። ብሎኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆረጥም ለመደበኛው ማቅለሚያ ከሚያስፈልገው ሌላ 10 ያህል ያልቀለሙ ስላይዶች በ4 ማይክሮሜትር ውፍረት አብረው ይቆረጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሎኩ ማሽኑ ላይ በተመለሰ ቁጥር ፊቱ እንደገና ሲስተካከል ሥጋው ይላጫል፤ ለሦስተኛው ማቅለሚያ የሚተርፈው ሰም ብቻ ይሆናል። የፀጉር ክር የምታህል ናሙና በዚህ መንገድ ስታልቅ ታካሚው እንደገና ይወጋል፤ አንድ ሳምንትም አብሮ ይሄዳል።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሶቹ እንደ መረብ ወይም እንደ ወንፊት ተያይዘው፣ በጠንካራ ጠባሳ መሰል ሥጋ ተከበው፣ በኒውትሮፊል ተወርረው ይገኛሉ። ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች በከፍተኛ ማጉያ የመረመረ ፓቶሎጂስት አንዳንዴ ማጭድ የመሰሉ ቀይ የደም ሴሎችን ያያል። መጠየቂያው ቅጽ ያልነገረውን ስላይዱ ነገረው ማለት ነው። እንዲህ ያየ ባለሙያ ስልኩን አንስቶ «ይህ ሰው ሄሞግሎቢኑ ተመርምሯል?» ይበል።

መልክ ብቻውን ግን አይወስንም። ኮሌክቲንግ ዳክት ካርሲኖማ፣ የሽንት ቱቦ ሽፋን ካንሰር፣ ኤፍኤች የተባለው ኢንዛይም የጠፋበት የኩላሊት ካንሰርና ኤኤልኬ የተባለው ጂን የተዛወረበት ካንሰር ሁሉም ሊመስሉት ይችላሉ። በተለይ የመጨረሻው በተሸካሚ ልጆች ላይ ስለሚታይ ያሳስታል፤ ሕክምናው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ማቅለሚያ (እያንዳንዱ አንድ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን በቀለም የሚያሳይ) ፓክስ-8፣ አይኤንአይ-1፣ ጋታ-3፣ ኤፍኤች እና ኤኤልኬ ይሁን።

አይኤንአይ-1 የሚነበበው ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው፤ የምንፈልገው የቀለሙን አለመኖር ነው። ጤናማ ሕዋስ ሁሉ ይህ ፕሮቲን አለው፤ ኒውክለሱ ቡናማ ይሆናል። በሜዱላሪ ካርሲኖማ የካንሰሩ ኒውክለሶች ሰማያዊ ሆነው ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ሊምፎሳይቶችና የደም ሥር ሽፋን ሕዋሶች ግን ቡናማ ናቸው። ሰማያዊና ቡናማ ጎን ለጎን ካልታዩ ውጤት የለም። ስላይዱ በሙሉ ሰማያዊ ከሆነ ማቅለሚያው አልሠራም ወይም ሥጋው በፎርማሊን በደንብ አልተያዘም ማለት ነው፤ «ጠፍቷል» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። የካንሰሩ ሕዋስ ቀለሙ ደብዝዞ ግን ካለ፣ ወይም በአንድ ጥግ ብቻ ከጠፋ፣ ይህም የተረጋገጠ መጥፋት አይደለም። ሪፖርቱ ላይ «አይኤንአይ-1 በካንሰሩ ሕዋሶች ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ የውስጥ ማነጻጸሪያው ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር እስካላያችሁ ድረስ ጠይቁ።

ማቅለሚያው የሌለው ላቦራቶሪ ምን ያድርግ? የሰም ብሎክ ቀዝቃዛ ሳጥን አይፈልግም፤ በተራ ፖስታ፣ በክፍል ሙቀት ይሄዳል። የሌለው ላለው ይላክ። «ኮሌክቲንግ ዳክት ካርሲኖማ» የሚለው ምርመራም አይኤንአይ-1 እና ኤፍኤች ሳይታዩ ከላቦራቶሪ መውጣት የለበትም ባዮች ነን። ይህ ስም የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ሲወድቅ ነው።

አይኤንአይ-1 ጠፍቶ ሰውየው ተሸካሚ ሳይሆን ቢገኝስ? ይህም አለ፤ በጣም ጥቂት ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሮፎሬሲሱ ይደገም፤ ደም ወስዶ እንደሆነም ይጣራ። ከዚያም የሚታከመው እንደ ሜዱላሪ ካርሲኖማ ነው።

አሁን የደብዳቤያችን ዋና ክርክር፦ በአብዛኛው ታካሚ ኬሞቴራፒው ይቅደም፣ ኦፕራሲዮኑ ይከተል።

ለተለመደው የኩላሊት ካንሰር የለመድነው ኩላሊቱን አውጥቶ ውጤቱን መጠበቅ ነው። ይህ ልማድ እዚህ ይጎዳል። ቁስሉ እስኪድን ኬሞ አይጀመርም፤ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ይሄዳል። ይህ ካንሰር ደግሞ በሳምንታት ውስጥ መጠኑን የሚቀይር ነው። ሁለተኛው ጉዳት የማይመለስ ነው፤ አንድ ኩላሊት ሲወጣ የማጣራት አቅም ይወርዳል፣ ሲስፕላቲን የተባለውን ፕላቲነም ያለበት ኬሞ ለመስጠት በተለምዶ የሚፈለገው በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር ላይ መድረስም ሊያቅት ይችላል። ከላይ ባነሳነው ጥናት ኩላሊታቸው የወጣላቸው በመካከለኛ 16.4 ወር፣ ኬሞ ብቻ የወሰዱት 7.0 ወር ኖረዋል፤ ይህን ቁጥር ይዞ «እንግዲያው ቀዶ ሕክምናው ይቅደም» የሚል አለ። ቁጥሩ ይህን አይልም። ለኦፕራሲዮን የሚመረጠው ቀድሞውንም ጠንከር ያለውና በሽታው ያልተሰራጨበት ሰው ነው። ቁጥሩ የሚለው ቀዶ ሕክምና ቦታ እንዳለው ነው፤ ተራው መቼ እንደሆነ አይናገርም። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ከኩላሊት ያልወጣ፣ ሊምፍ ኖዶቹም ንጹሕ የሆኑለት ሰው ሲገኝ ኦፕራሲዮኑን ማስቀደም ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው ግን እምብዛም ነው።

መነሻው ፕላቲነም ያለበት ጥምረት ነው፤ ካርቦፕላቲን ከፓክሊታክሰል ጋር በየ21 ቀኑ። ፓክሊታክሰል በካሬ ሜትር 175 ሚሊግራም፣ በ3 ሰዓት ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ከካርቦፕላቲኑ በፊት ይሰጣል። ካርቦፕላቲን በኤዩሲ (ሰውነቱ በጠቅላላ ለመድኃኒቱ እንዲጋለጥ በሚፈለገው መጠን) 5 ወይም 6 ይሰላል። ቀመሩን ሁሉም ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ጂኤፍአር (ኩላሊቱ በደቂቃ የሚያጣራው መጠን) እና 25 ይደመራሉ፣ ድምሩ በኤዩሲ ይባዛል። የሚሳሳቱት ግን በጂኤፍአሩ ላይ ነው።

አንድ ስሌት እናሳይ። የ26 ዓመት ወንድ፣ በበሽታው ከስቶ 58 ኪሎ የሆነ፣ ክሬቲኒኑ (ከጡንቻ የሚመጣው፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) 0.5። በኮክሮፍትና ጎልት ቀመር ማጣሪያው 184 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ይህ እውነት አይደለም። ጡንቻው ስላለቀ ክሬቲኒን የሚያመርት የለም፤ ኩላሊቱ ከሰው በላይ ስለሠራ አይደለም። ቁጥሩን እንዳለ ካስገባነው በኤዩሲ 5 መጠኑ 1,045 ሚሊግራም ይመጣል። ጂኤፍአር ከ125 እንዳይበልጥ በሚለው ገደብ ግን 750 ሚሊግራም ነው፤ በክሬቲኒን 0.8 ቢሰላ ደግሞ ወደ 700 ይወርዳል። የ300 ሚሊግራም ልዩነት ፕሌትሌትን ያሟጥጣል፤ ሁለተኛው ዙር ይዘገያል፣ በዚያ መሐል የሚያድገው ካንሰሩ ነው።

ሌላው ስህተት ከኦፕራሲዮን በኋላ ይፈጸማል። ጂኤፍአሩ 110 የነበረ ሰው 675 ሚሊግራም ሲወስድ ቆይቶ ኩላሊቱ ወጣ እንበል፤ አሁን ጂኤፍአሩ 70 ነው፣ ትክክለኛው መጠን 475። የቀድሞውን ትእዛዝ «ድገም» ብሎ የሚጫን ሰው 200 ሚሊግራም ጨመረበት ማለት ነው። ፋርማሲው በየዙሩ አዲስ ክሬቲኒን ሳያይ ካርቦፕላቲን አያዘጋጅ።

ሲቲው በየሁለት ዙሩ፣ ማለትም በየ6 ሳምንቱ ይደገም። ኬሞ ሲጀመር የነበረው ምስል ከአንድ ወር በላይ ያረጀ ከሆነ ለማነጻጸሪያ አይሆንም፤ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ያደገውን «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ያስነብባል። ኤልዲኤች የተባለው የደም ኢንዛይም አብሮ ይለካ፤ በዙሮች መካከል ያለውን አዝማሚያ ለማየት ርካሽ መንገድ ነው። በዚያው በ52ቱ ሕሙማን ጥናት ለመጀመሪያው ፕላቲነም ያለበት ሕክምና ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰላቸው 29 በመቶ ነበሩ። ብዙ አይደለም፤ ዕድሉ የተሰጠው ግን ለእነዚህ ነው። በሽታው ቀንሶ ሲታይ ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ከሆድ ጀርባ ያሉት ሊምፍ ኖዶችም አብረው ይጠረጋሉ። ኩላሊቱን ከፊል ብቻ ቆርጦ ማስቀረት፣ በመርፌ ማቃጠል ወይም ማቀዝቀዝ እዚህ ቦታ የለውም፤ ዕጢው ድንበር የለውማ።

ፕላቲነሙ ሲያቅተው ጄምሲታቢን ከዶክሶሩቢሲን ጋር ይሞከራል። ዶክሶሩቢሲን ልብ ይጎዳል። ከመጀመሩ በፊት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ፤ በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ድምር በካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም እንዳያልፍ የዙሩ ሉህ ላይ ድምሩ እየተጻፈ ይሂድ። ኤርሎቲኒብ ከቤቫሲዙማብ ጋርም በጥቂት ታካሚዎች ላይ ውጤት አሳይቷል። ነጭ የደም ሴል የሚያነሳሳውን ፊልግራስቲም ስትጠቀሙ ሄሞግሎቢኑን አስቡ፤ የሲክል ሴል ቀውስ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ኤስሲ ወይም ኤስኤስ (ከሁለቱም ወላጆች ኤስ) ባለው ሰው ደግሞ የደም ሐኪም ሳይማከር አይሰጥ። ጨረር ለአጥንት ሕመምና ለማይቆም ደም ይጠቅማል።

አጥብቀን የምንቃወመው አንድ ነገር አለ። ሪፖርቱ ላይ «የኩላሊት ካንሰር» የሚለውን ቃል አይቶ ሱኒቲኒብ ወይም ፓዞፓኒብ መጀመር። እነዚህ ኪኒኖች የተሠሩት ለሌላ በሽታ ነው፤ የተለመደው ዓይነት በቪኤችኤል ጂን መበላሸት ብዙ ደም ሥር ያበቅላል፣ መድኃኒቶቹም የሚመቱት ያንን ነው። ይህኛው ደም ሥር ያነሰበት፣ ሲቲ ላይም ቀለም እምብዛም የማይወስድ ዕጢ ነው፤ ብቻቸውን ሲሰጡ እምብዛም አያሳንሱትም። የሰውነትን በሽታ መከላከያ የሚያነሳሱት ኒቮሉማብ ወይም ፔምብሮሊዙማብ ብቻውን ተሰጥቶ በሽታው ይባስ የፈጠነባቸው ታካሚዎችም ተመዝግበዋል። የመድን ሰጪና የመድኃኒት አቅርቦት ክፍሎች «በመጀመሪያ የተለመደውን ኪኒን ሞክሩ፣ ካልሠራ ኬሞ እንፈቅዳለን» የሚል መመሪያ ካላችሁ ይህን ካንሰር ከመመሪያው አውጡት። እነዚያ ሁለት ወራት አይገኙም።

ምርመራው ሙሉ በሙሉ ሳይረጋገጥ በሽታው እየገሰገሰ ሲሄድ የሚጨነቁ ሐኪሞች አሉ፤ ትክክልም ናቸው። በዚህ ጊዜ የሚያጽናና ነገር አለ፦ ሜዱላሪ ካርሲኖማም፣ ኮሌክቲንግ ዳክት ካርሲኖማም፣ የሽንት ቱቦ ሽፋን ካንሰርም የጀርባ አጥንታቸው ፕላቲነም ነው። መልሱ ከሦስቱ አንዱ እንደሚሆን ከታመነ ኬሞው ሊጀመር ይችላል። ኤፍኤች የጠፋበትና ኤኤልኬ የተዛወረበት ግን መንገዳቸው ሌላ ነው፤ እነዚህን ሁለት ማቅለሚያዎች መጠበቅ ያዋጣል።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት መዘንጋት የሌለበት ጉዳይ ልጅ መውለድ ነው። ታካሚዎቹ ወጣቶች ናቸው። የወንድ ዘር በአንድ ቀን ተሰጥቶ ይቀመጣል፤ የሴት እንቁላል ማውጣት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ጥያቄው ናሙናው በሚወሰድበት በባዮፕሲው ዕለት መነሳት አለበት፣ ውጤት እስኪመጣ አይቆይ። ለቤተሰቡም ይህ ይነገር፦ የሚወረሰው ተሸካሚነቱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም። ወንድምና እህት ሄሞግሎቢናቸውን ቢያውቁ ይበጃል፤ ተሸካሚ ከሆኑም ሽንታቸው ቀልቶ ሲያዩ ዝም እንዳይሉ ይጠቅማቸዋል። ይህን ሳናብራራ «ምርመራ አድርጉ» ብቻ ካልናቸው ቤቱን ሁሉ እናስጨንቃለን።

ከየክፍሉ የምንፈልገው ትንሽ ነው። ፓቶሎጂ ክፍል፦ ዕድሜው ከ50 በታች ከሆነ ሰው ኩላሊት የመጣ፣ መልኩ የከፋ ካርሲኖማ ሁሉ ማንም ሳያዝዝ አይኤንአይ-1 ይቀለም። የቀዶ ሕክምና ክፍል፦ የተሸካሚ ሰው ኩላሊት ከካንሰር ሐኪም ጋር ሳይመከርበት ለኦፕራሲዮን አይቀጠር። ፋርማሲ፦ ክሬቲኒኑን በየዙሩ። አስተዳደሮች ደግሞ በሲቲ መጠየቂያና በባዮፕሲ መጠየቂያ ቅጽ ላይ፣ ከዕድሜና ከጾታ ቀጥሎ፣ ባዶ መተው የማይቻል አንድ መስመር አስገቡልን፦

ሄሞግሎቢን፦ ኤኤ ☐ ኤኤስ ☐ ኤስሲ ☐ ኤስኤስ ☐ ሌላ ☐ አልተመረመረም ☐

«አልተመረመረም» የሚለው ላይ ምልክት የተደረገ እንደሆነ 3 ሚሊ ሊትር ደም በሐምራዊ ክዳን ቱቦ፣ ያኔውኑ።

ከአክብሮት ጋር